የአሶሳን ጎል ማን ይጻፈው?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 ስታሸንፍ ጎሎቹን እነማን እንዳገቡ ለማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ አይደክምም። ተክሌ ኪዳኔ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በየተራ አስቆጥረዋል። የግብፅን ሁለቱንም ያገባው ባደዊ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ያለፈው ጨዋታ ዛሬም እንደ ትናንት የሚወራው ተጫዋቾቹ ጎበዞች ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ሜዳው ዳር ያየውን የሚጽፍና የሚናገር ሰው ስለነበረም ጭምር ነው።

አሶሳ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ የኳስ ፍቅር አይጎድላትም። እንደ ሌላው የአገሪቱ ከተማ ሁሉ እዚያም የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ እስከ ተቀያሪ ወንበር ድረስ የተጫዋቾቹን ስም ይቆጥራል። የከተማው ቡድን በረኛ ማን ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ጎል ገባበት? ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያለው ጨዋታውን ባዩት ሰዎች አፍ ላይ ብቻ ነው። ያዩት ሲረሱት ደግሞ ጨዋታው እንዳልነበረ ይሆናል።

ነገሩን የሚያከብደው ክልሉ ተጫዋች የማያፈራ አለመሆኑ ነው። ሳላዲን ሰኢድ የተገኘው ከዚሁ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ካርቱም ላይ 5ለ3 ተሸንፋ ተመልሳ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2ለ0 ስትረታና ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ አንዱን ጎል አዳነ ግርማ፣ ሌላውን ሳላዲን አግብተዋል። ሳላዲን በግብፅ ለዋዲ ዴግላና ለአል አህሊ፣ በቤልጂየም ለሊርስ ተጫውቷል። በእነዚህ ክለቦች ያገባው እያንዳንዱ ጎል ቀኑና ደቂቃው ሳይቀር ተመዝግቧል። በትውልድ አካባቢው ልጅ ሳለ ያገባቸውንስ? ይህን ፈልጎ የሚያገላብጥ ሰው የሚይዘው ጋዜጣ የለም። ዛሬ እዚያው የሚጫወት ሌላ ሳላዲን ካለ፣ ወሬው ለአሰልጣኝና ለክለብ ጆሮ የሚደርሰው በዕድል ነው ማለት ነው።

ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የስፖርት ዘገባ ገንዘቡና ካሜራው ወዳለበት ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. ሱፐርስፖርት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተካሄዱ። ጋዜጠኛውም ውድድሩን ተከትሎ ከከተማ ከተማ ዞረ። አሶሳ ከአምስቱ ውስጥ አልነበረችም። የአዲስ አበባ ዝግጅት ክፍል ለአንድ የክልል ሻምፒዮና ጨዋታ አበል ከፍሎ ሰው ወደ አሶሳ ይልካል ብሎ መጠበቅም ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ የአሶሳን ጨዋታ ሊዘግብ የሚችለው አሶሳ የሚኖር ሰው ነው። መምህር ሊሆን ይችላል፣ ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ባለሱቅም ሊሆን ይችላል። ደመወዝ የለውም፣ የጋዜጠኛ መታወቂያ የለውም፣ ከዚህ በፊት አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። በአጭሩ አማተር ነው።

አማተር መሆን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በዚህች አገር የስፖርት ዘገባን ከጀመሩት አንዱ የሆነው ፍቅሩ ኪዳኔ በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት አማካሪ እስከመሆን ደርሷል። በሬዲዮ ስሙ የገነነው ሰለሞን ተሰማም የዚያው ዘመን ሰው ነው። እነሱ ሲጀምሩ የስፖርት ጋዜጠኝነት የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም። ሥራውን የተማሩት ሥራው ላይ ነው። በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በሦስት ኳስ አፍቃሪዎች የተጀመረው አርኤስኤስኤስኤፍ የተባለው የእግር ኳስ መዝገብ የብዙ አገሮችን የሊግ ውጤት የያዘው ክፍያ በማይቀበሉ ፈቃደኞች ልፋት ነው። ታላላቅ ጋዜጦች ሳይቀሩ የቆየ ውጤት ሲጠፋባቸው የሚያገላብጡት ይህንን የአማተሮች ሥራ ነው።

ታዲያ ጀማሪው ዘጋቢ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሊዘግብ ሲወጣ ምን ይጠብቀዋል? ከደጋፊ ጋር ቆሞ ማየትና ለመጻፍ ማየት አንድ አይደሉም። ደጋፊ ኳሷን ይከተላል። ዘጋቢ ግን ኳሷን እያየ ሰዓት ማየት፣ ቁጥር መያዝና መጻፍ አለበት። አንገቱን ደፍቶ የመጀመሪያውን ጎል ሲጽፍ ሁለተኛው ሊያመልጠው ይችላል። በታችኛው እርከን ውድድር ደግሞ ማሊያ ላይ ቁጥሩ የለቀቀ፣ በእረፍት ሰዓት ማሊያ የተቀያየረ ተጫዋች ብርቅ አይደለም። ቅያሪው በድምፅ ማጉያ አይነገርም። የቴሌቪዥን ድጋሚ ምስል የለም። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ወደ ኮሚሽነሩ ሄዶ የሁለቱን ቡድኖች አሰላለፍ መገልበጥ፣ ካለቀ በኋላም ጎሉንና ካርዱን ከዳኛው ጋር ማመሳከር ግድ ነው። የቃላት ማሳመሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በሚኖሩበት፣ ከሌላ አካባቢ የመጣውም ብዙ በሆነበት ክልል አንድ ስም በአማርኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። የሳላዲን ስም እንኳ ብሔራዊ ቡድን ከገባ በኋላ በአንዱ ጋዜጣ ሳላዲን፣ በሌላው ሳላሃዲን፣ የአባቱም ስም አንዴ ሰኢድ ሌላ ጊዜ ሰይድ እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። ለታወቀ ተጫዋች ይህ ብዙም አይጎዳም። ገና ላልታወቀ ልጅ ግን ስሙ ሲበላሽ ጎሉ የሌላ ሰው ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ልጁን ጠርቶ ስምህን እንዴት ነው የምትጽፈው ብሎ መጠየቅ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን ወገንተኝነት ነው። አማተሩ የሚዘግበው የሰፈሩን ቡድን ነው። አሰልጣኙ ጎረቤቱ ነው፣ አጥቂው አብሮ አደጉ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ "ዳኛው በላን" ብሎ መጻፍ ይቀናዋል። በኢትዮጵያ ይህ ቀልድ እንዳልሆነ በ2010 ዓ.ም. ታይቷል። በኅዳር ወር ወልዲያና መቐለ ከተማ ሊጫወቱ በተቀጠሩበት ዕለት የተነሳው ግጭት ከሜዳ አልፎ ከተማውን አናውጧል። በሚያዝያ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በዳኛ ላይ በደረሰ ድብደባ ምክንያት ሊጉ ለጊዜው ቆሟል። ቤንሻንጉል ጉሙዝም ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በካማሺና በመተከል ብዙ ሰው የሞተበትና የተፈናቀለበት ክልል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት የተጻፈ ያልተጣራ ዓረፍተ ነገር የሜዳ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ተጫዋችን በብሔሩ ሳይሆን በማሊያ ቁጥሩና በስሙ መጥራት፣ ዳኛን ከመክሰስ በፊት የተጋጣሚውን አሰልጣኝም መጠየቅ ከመጀመሪያው ቀን መለመድ ያለበት ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ጫና ለአንድ ጀማሪ ልጅ ብቻ ትቶ ማለፍ ደግሞ ፍትሕ አይደለም። የክልሉና የወረዳ ፌዴሬሽኖች ገንዘብ ባይኖራቸው ወረቀት አያጡም። አሰላለፉንና የኮሚሽነሩን ውጤት በአንድ ቅጂ ለዘጋቢው መስጠት ምንም አያስወጣም። አዲስ አበባ ያሉ ጋዜጦችና ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሰው መላክ ባይችሉ በስልክ የሚደርሳቸውን ውጤት አጣርተው በሁለት መስመር ማስተናገድ አያቅታቸውም። ጽሑፉ ሲወጣም የጻፈው ልጅ ስም ከሥሩ ይታተም፤ ለአየር ሰዓትና ለትራንስፖርት ያወጣው ይከፈለው። ያለበለዚያ እንደ ብዙዎቹ አንድ ዓመት ለፍቶ ይተወዋል።

አሶሳ ላይ ዝናቡ ሲያባራና ሜዳው ሲደርቅ ውድድር መኖሩ አይቀርም። ሜዳው ዳር ደብተር የያዘ አንድ ሰው ከተገኘ የዚያ ጨዋታ ጎል አግቢ ስም ይኖረዋል። ካልተገኘ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ከክልሉ ሌላ ኮከብ ሲወጣ "ከየት መጣ?" ብሎ መገረም ይቀጥላል።