ስለ ታመቀ ድምፅና ስለ ክፍት ዘዴ

ናይሮቢ ተወልደን ወይም አድገን አማርኛን በዚህ ትምህርት ቤት የምንማር ልጆች፣ ቋንቋችን ወደ ጆሯችን የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በወላጆቻችንና በመምህራኖቻችን አንደበት ሲሆን ሁለተኛው በስልክ ነው። የአያቶቻችን ምርቃት ከደሴም ሆነ ከጎንደር የሚመጣልን በቴሌግራምና በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ነው። መምህራን የንባብ ልምምድ የሚልኩልንም በዚያው ነው። ስለዚህ ድምፅና ምስል በምን ዘዴ ታምቆ እንደሚላክ፣ ዘዴውም የማን ንብረት እንደሆነ ማወቅ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይመስለንም። እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ዘንድሮ ተወያይተንበት የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ትምህርት ቤታችን የሚያዘጋጀውን ድምፅና ቪዲዮ ማንም ሳይከፍል በሚጠቀምባቸው ክፍት ዘዴዎች ያሰራጭ፤ ዋናውን ቅጂ ግን ምንም ሳይጣልበት ያስቀምጥ።

በመጀመሪያ ማመቅ ለምን እንዳስፈለገ በስሌት እንመልከት። 1920 በ1080 ነጥቦች ያሉት ምስል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ቢይዝና በሰከንድ 25 ምስሎች ቢያልፉ፣ አንድ ሰከንድ ብቻ 155 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። አንድ ደቂቃው ከ9 ጊጋባይት ይበልጣል። እናትና አባታችን የሚገዙት የኢንተርኔት ባንድል የአንድ ትምህርት መግቢያ ሳያልቅ አለቀ ማለት ነው። ድምፅም በሲዲ ጥራት ሲቀዳ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ኦፐስ በተባለው ዘዴ በሰከንድ 16 ኪሎቢት ሆኖ ሲታመቅ ግን የአንድ ደቂቃ ንግግር 120 ኪሎባይት ብቻ ይሆናል።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? የቆየ የሒሳብ መዝገብ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ከላይ የተጻፈው ነገር ሲደገም ጸሐፊው እንደገና አይጽፈውም፤ «ዝኒ ከማሁ» ብሎ ያልፈዋል። ቪዲዮ የሚያምቅ ሶፍትዌርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መምህር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ሰሌዳውና ግድግዳው ባሉበት ናቸው፤ የሚንቀሳቀሰው እጁና ከንፈሩ ነው። ሶፍትዌሩ የመጀመሪያውን ምስል ሙሉውን ይመዘግባል፤ ለሚቀጥሉት የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል፤ የቀረውን «ዝኒ ከማሁ» ይላል። በዚህ ላይ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን፣ ጆሮም የማይለየውን ዝርዝር ይጥላል።

በዚህ ሙያ ከተሰማሩት ኩባንያዎች መካከል ታሪኩ የሳበን ኦን2 ቴክኖሎጂስ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1992 በኒውዮርክ ዘ ዳክ ኮርፖሬሽን በሚል ስም ተመሠረተ፤ መጀመሪያ የሚታወቀውም ለቪዲዮ ጨዋታዎች በሚሆን ማመቂያ ነበር። በ2001 ቪፒ3 የተባለውን ሥራውን ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ ዚፍ የተባለው ድርጅትም ከእርሱ ተነሥቶ ቲኦራን ሠራ። በ2005 የኩባንያው ቪፒ6 በፍላሽ 8 ውስጥ ገባ፤ ያን ጊዜ በኢንተርኔት ቪዲዮ ማየት በአብዛኛው በፍላሽ ማየት ነበር። በ2010 ጉግል ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ኩባንያውን ገዛው፤ በዚያው ዓመትም ቪፒ8ን ያለ ክፍያ ለቀቀው። በ2013 ቪፒ9 ተከተለ። በ2015 ጉግል፣ ሞዚላ፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ማይክሮሶፍት፣ ኢንቴልና ሲስኮ ኅብረት መሠረቱ፤ ከኅብረቱም በ2018 ኤቪ1 ወጣ። በድምፅ በኩል ደግሞ የስካይፕና የዚፍ ባለሙያዎች ሥራቸውን አዋሕደው ኦፐስን አስገኙ፤ በ2012ም ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ደረጃ ሆነ። ዛሬ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የምንሰማው የአያት ድምፅ የሚመጣው በዚሁ በኦፐስ ታምቆ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ መንገድም አለ። በ2003 የወጣውና እስካሁን በስፋት የሚሠራበት ኤች.264 የብዙ ኩባንያዎች የፈጠራ መብት ያለበት ነው፤ በእርሱ የሚሠሩ መሣሪያዎችንና ሶፍትዌሮችን የሚያመርቱ ፈቃድ ይገዛሉ። በክበባችን ውስጥ አንዳንዶቻችን «ለፍቶ የሠራ ሰው ዋጋውን ማግኘት የለበትም ወይ?» ብለን ጠይቀናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከኦን2 ታሪክ እንደምናየው ክፍት ማድረግ ማለት ሠራተኛን ያለ ደመወዝ ማስቀረት አይደለም። ባለ አክሲዮኖቹ ዋጋቸውን ተቀብለዋል፤ የዛሬዎቹ መሐንዲሶችም ደመወዛቸውን የሚያገኙት ዘዴውን በጋራ ከሚጠቀሙት ኩባንያዎች ነው። ሸክሙ የወደቀው መሸከም በሚችለው ትከሻ ላይ ነው። አነስተኛ ፕሮግራም የሚጽፍ የናይሮቢ ወይም የአዲስ አበባ ወጣት ግን ፈቃድ ሳይገዛ ሥራውን መጀመር ይችላል።

ይህን ስንል ትልልቆቹን ኩባንያዎች እንደ በጎ አድራጊ አናያቸውም። ዩቲዩብ የጉግል ነው፤ ቪዲዮው ባነሰ ቁጥር የጉግልም ወጪ ይቀንሳል። «ክፍት ነው» የተባለ ሁሉ ከክርክር ነፃ አለመሆኑንም አይተናል። በ2013 ጉግል ስለ ቪፒ8 የፈጠራ መብቶችን ያስተዳድር ከነበረው ኤምፔግ ኤልኤ ጋር መስማማት አስፈልጎታል። ከዚህም ሌላ ኤቪ1ን ለመፍታት የተሠራ ቺፕ የሌላቸው የቆዩ ስልኮች በሶፍትዌር ሲፈቱት ባትሪያቸው ቶሎ ያልቃል። ብዙዎቻችን የያዝነው የታላላቆቻችንን ስልክ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለቪዲዮ ዛሬውኑ ኤቪ1 ይሁን አንልም፤ ቪፒ9 ይበቃናል።

ከዋጋው ይልቅ እኛን የበለጠ ያሳሰበን ግን የሚጣለው ነገር ነው። የድሮው የስልክ መስመር ከ3400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ስለማያሳልፍ «ሰ» እና «ፈ» ይምታቱ ነበር። ከመጠን በላይ የታመቀ ድምፅም እንዲሁ ነው። «ሠራ» እና «ፈራ» የሚለያዩት በዚያች አንድ ፊደል ነው። አማርኛ ተናግሮ ያደገ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ይረዳዋል፤ ገና የሚማር የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን የሚገምትበት ነገር የለውም፤ እንደ ሰማው ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ታምቆ የተጣለ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ዛሬ የምንቀዳቸው አረጋውያን ነገ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ከእነርሱ የሚቀረው እኛ ሳንጥል ያስቀመጥነው ብቻ ነው።

ስለዚህ መምህራንንና የወላጆች ኮሚቴን አራት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ምስል የማያስፈልገው የንባብና የቃላት ትምህርት በቪዲዮ መላኩ ቀርቶ በኦፐስ ድምፅ ይላክ፤ የቤተሰብን ባንድል ከሁሉ በላይ የሚያድነው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ሰሌዳ ማሳየት የግድ ሲሆን ጽሑፉ እስከተነበበ ድረስ አነስ ባለ መጠን በቪፒ9 ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ የአረጋውያን ትረካና የበዓል ዝግጅቶች ድምፅ ፍላክ በተባለው ክፍት ዘዴ ይቀመጥ፤ ፍላክ መጠኑን ቢቀንስም ከድምፁ ምንም አይጥልም። ቪዲዮውም ከካሜራው እንደወጣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ። አራተኛ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የማመቅ ስሌት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይሰጠን። የኦፐስና የኤቪ1 ፕሮግራም እንደ ተጻፈ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ ገልጦ ለማንበብ የሚጎድለን ትምህርቱ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሶፍትዌሮቹ በነፃ ይገኛሉ፤ የክበባችን አባላትም ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ለመሥራት ዝግጁ ነን። ለአራተኛው የሒሳብ መምህራኖቻችንን መልካም ፈቃድ እንጠብቃለን።