ወፍን በብሩህ ሰማይ ፊት ስለ ማንሣት

ባለፈው መስከረም ወደ ደብረ ሊባኖስ ወርደን፥ በገደሉ ላይ የሚያንዣብበውን ጢማም ጥንብ አንሣ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ከአልጋ መውረድ ለተሳናቸው አጎታችን ልናሳያቸው ብለን ነበር። እርሳቸውም ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ይህ ወፍ ነው ወይስ የቀለም ጠብታ?» አሉን። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

የፎቶግራፍ መኪና ብርሃንን ሲለካ፥ ያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይሻል። ሰማዩ ሲበራ በዛብኝ ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ከበታች የምናየው የወፉ ሆድ ግን ጥላ ነውና ይጠቁራል። ስለዚህ ሰማዩ በደመና ሲነጣ ብርሃኑን እጥፍ ወይም አራት እጥፍ መጨመር ይገባል፤ በመኪናው ላይ +1 እና +2 ተብሎ የሚታየው ይኸው ነው። ሰማዩ ነጥቶ ቢቀር አይቈጨንም፥ የፈለግነው ወፉን ነውና። ለነጭ ርግብ ግን ጭማሪው ይነስ።

ደግሞ ወፉ ዝቅ ብሎ በጥቁሩ ገደል ፊት ሲያልፍ፥ ያው ጭማሪ ላባውን ያጠፋዋል። እኛስ የምንመርጠው፥ አስቀድሞ ፀሐይ የመታውን ሣር ለክቶ ልኩን በእጅ ማጽናት ነው፤ ከኋላው ሰማይና ገደል ቢፈራረቁ ልኩ አይናወጥም። ክንፉም እንዳይደበዝዝ ከሴኮንድ 1/1000 መዘግየት አይገባም። ከሁሉ ይልቅ ማለዳ ይሻላል፤ ዝቅ ያለች ፀሐይ ሆዱን ታበራለችና።

በጥር ማለዳ ተመልሰን ሁለተኛውን አመጣን። አጎታችን የደረቱን ቀይ ዳማነት ባዩ ጊዜ፥ መነጽራችንን አምጡልን አሉ።