የታችኛው አልጋ የማን ነው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ መቅጠን፣ ስለ ላይብረሪው መብራት፣ ስለ ኳስ ሜዳውም ጭምር ብዙ ተጽፏል። ስለ እንቅልፍ የጻፈ ግን የለም። በተለይም ነፍሰ ጡር ሆና በዚህ ግቢ ስለምትማር ዕጩ መምህርት እንቅልፍ አንድም መስመር አላነበብኩም። ነገሩ የባልና የሚስት ነው፣ ወይም የሐኪም ነው ተብሎ የታለፈ ይመስለኛል። እኔ ግን የአልጋ ድልድል ጉዳይ ነው እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት በቅድሚያ የራሴን ጥፋት መናገር ይኖርብኛል።

ባለፈው ዓመት በክፍላችን ስምንት ነበርን። አራት ተደራራቢ አልጋ አለ፤ ለእኔ ከበሩ አጠገብ ያለው የታችኛው ደረሰኝ። ከእኔ በላይ የተመደበችው እህት ባለትዳር ናት፤ ባልዋ ሩቅ አገር ያስተምራል። ግቢ ስትገባ ነፍሰ ጡር መሆንዋን አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅንም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምናውቀው ነገር ቢኖር ክፍል ውስጥ ማንቀላፋትዋን ብቻ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው «ሌሊቱን የት አድረሽ ነው?» ቢሏት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በኋላ ሆድዋ መታየት ሲጀምር ነገሩን ሁላችንም አወቅነው፤ ሆኖም አልጋው እንደነበረ ቀጠለ። በሌሊት ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ለሽንት ትወርዳለች። የአልጋው መሰላል ከሦስቱ መርገጫ አንዱ የለውም። ሽንት ቤቱ ደግሞ ሁላችሁም እንደምታውቁት ከሕንፃው ውጭ ነው፤ ባትሪ ይዞ፣ ነጠላ ደርቦ፣ ጭቃውን ተሻግሮ ነው የሚደረሰው። ስትወርድ እኔ እነቃለሁ፣ ተመልሳ ስትወጣም እነቃለሁ። እውነቱን ልናገርና በዚያን ጊዜ ያሳሰበኝ የእርሷ እንቅልፍ ሳይሆን የእኔ ነበር። ከጎኗ ስትገላበጥ አልጋው ይንጫጫል፤ እኔም ብርድ ልብሴን ተከናንቤ «ኧረ እባክሽ» እላት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ቆየን።

በሰባተኛው ወር ግድም አንድ ሌሊት እግርዋ መርገጫውን ሳተው። ብረቱን ይዛ ተንጠለጠለችና በእኔ እግር ላይ ቆመች። ደግነቱ አልወደቀችም። በጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ «ታች ተኚ፣ እኔ ላይ እወጣለሁ» አልኳት። በማግሥቱ ይህንኑ ለመኝታ ቤት ኃላፊዋ ብናስታውቅ «አልጋ በቁጥር ነው፤ ብትለዋወጡ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ» ተባልን። ስለዚህ ተደብቀን ተለዋወጥን። ቅዳሜ ጠዋት ቁጥጥር ሲመጣ እየተመለስን፣ ቁጥጥሩ ሲያልፍ እየተቀያየርን ዓመቱን ጨረስን።

ቀድማ ለምን አልጠየቀችም? ይህንኑ ጠይቄአት ነበር። «ብናገር ዘንድሮ አቋርጪና በሚመጣው ዓመት ተመለሺ ይሉኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። እንግዲህ ፍርሃትዋ ትክክል ይሁን አይሁን ለጊዜው እንተወው። አንዲት ሴት የምትተኛበትን ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ ምስጢርዋን በቢሮ ደጃፍ ተሰልፋ መናገር ካለባት ብዙዎች ዝም ብለው መሰላል መውጣትን እንደሚመርጡ ግን ከእርሷ ተምሬአለሁ።

አሁን ወደ ሕክምናው በኩል ጥቂት ልግባ። ጤና ጣቢያ አብሬአት ስሄድ ከአዋላጇ ነርስ የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ድብታ ስንፍና አይደለም። በእርግዝና ጊዜ በደም ውስጥ የሚበዛው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ሌሊት ደግሞ ለሽንት ያመላልሳል። ይኸው ሆርሞን በጨጓራ አፍ ላይ ያለውን ጡንቻ ስለሚያላላው፣ ኋላም ማሕፀን እያደገ ጨጓራን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ቃር ይመጣል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በርበሬ የበዛበት ሽሮ በልታ ሦስት ሰዓት ላይ የምትጋደም ነፍሰ ጡር ቃር ቢያቃጥላት ምን ይገርማል! ባት ይጨመድዳል። እግርን የማያስቀምጥ፣ አሁንም አሁንም አንቀሳቅሺኝ የሚል ስሜት ይመጣል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ለዚህም ነው በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠውን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን መተው የማይገባው። ክኒኑንም በሻይ ወይም በቡና መዋጥ ብረቱ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ቡና ደግሞ ማታ ከተጠጣ እንቅልፍን ያባርራል። በክፍላችን ጀበና የምንጥደው ከራት በኋላ መሆኑን ሳስብ እኛው ራሳችን እንዳይተኙ ከሚያደርጉት አንዱ እንደነበርን ገባኝ። እርሷ እምቢ ማለት ይሉኝታ ይዟት ሦስቱንም ትጠጣ ነበር፤ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም።

ዋናው ግን አተኛኘቱ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባ ሲተኛ የማሕፀኑ ክብደት ከታችኛው አካል ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲቀንስ ለሕፃኑም የሚደርሰው ይቀንሳል። አንዳንዷ ራስዋን ያዞራታል፣ ያልባታል፤ አንዳንዷ ግን ምንም አይሰማትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዚላንድ የኦክላንድ ከተማ ተመራማሪዎች በጀርባ ተኝቶ ማደርና የፅንስ በማሕፀን መሞት ግንኙነት እንዳላቸው የሚያመለክት ጥናት አወጡ። በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ጥናቶች ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ላይ ሲመረመሩ ውጤቱ ያንኑ አጸናው። ስለሆነም ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን መተኛት ይመከራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም እወዳለሁ። ብዙ ሴቶች «በግራ ጎንሽ ብቻ! ወዮልሽ ወደ ቀኝ ብትዞሪ!» ተብለው ሌሊቱን በፍርሃት ያድራሉ። በ2019 የተጠቃለለው ጥናት ግን በግራና በቀኝ መካከል ልዩነት አላገኘም። ዋናው ቁም ነገር ሲጋደሙ በጎን መጋደም ነው። ሌሊት ነቅታ በጀርባዋ ብታገኘው ተመልሳ በጎንዋ ትተኛ፣ አለቀ። ፍርሃቱ ራሱ እንቅልፍ ነሺ ነውና ምክር የሚሰጥ ሰው ልክ ይኑረው። «ቀን መተኛት ምጥ ያበዛል» እያለች የምትገሥጻት የክፍል ጓደኛም ነበረችን፤ እርሷንም ዛሬ ይህን ብታነብልኝ ደስ ይለኛል።

በጎን ለመተኛት ምን ያስፈልጋል? እኛ ያደረግነው ቀላል ነበር። ጋቢ ተጣጥፎ በጉልበቶችዋ መካከል ይገባል፣ አንድ ፎጣ ተጠቅልሎ ከሆድዋ ሥር ይደገፋል፣ ሌላ ብርድ ልብስ ከወገብዋ ኋላ ይደረጋል። ለቃሩ ራስጌው በተጣጠፈ ልብስ ከፍ ይላል፤ ተራ አልጋ ቢሆን ኖሮ የራስጌውን እግሮች በጡብ ማስነሣት ይቻል ነበር፣ በተደራራቢ ላይ ግን እንዳታስቡት። ፍራሻችን መካከሉ ገብቶ እንደ ገንዳ ስለ ሆነ ከእጅ ሥራ ክፍል የተጣለ ጣውላ ለምነን ከሥሩ አነጠፍን። ስትነሣም ቀጥ ብላ አትነሣም፤ መጀመሪያ በጎንዋ ትዞራለች፣ እግርዋን ወደ ወለሉ ታወርዳለች፣ ከዚያ በእጅዋ ተደግፋ ትቀመጣለች። እስቲ ይህን ከላይኛው አልጋ ላይ ሞክሩት! ምክሩ ሁሉ ወለል አጠገብ ለምትተኛ ሴት የተሰጠ ምክር ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፤ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ የደም መፍሰስ፣ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከወትሮው መቀነስ የትራስ ጉዳይ አይደለም። ነግቶ ይሻል ይሆናል ሳይባል በዚያው ሌሊት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። የግቢው በር ጠባቂም «ፈቃድ አምጪ» ሊላት አይገባም።

ሐሳቤን ለጥቂት ሰዎች ሳካፍል የገጠመኝ ተቃውሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ለአንዷ ከተለየ ሁሉም ይጠይቃል» የሚል ነው። ይጠይቅ! በአንድ ዓመት ውስጥ በግቢያችን ነፍሰ ጡር የሚሆኑት ስንት ናቸው? ከጠቅላላው የታች አልጋ ጋር ሲነጻጸሩ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለተኛው «እናቶቻችን መደብ ላይ ጀንዴ አንጥፈው ተኝተው ወልደውናል» የሚል ነው። እውነት ነው። ግን እኮ መደብ ከወለሉ ክንድ አይሞላም፤ ማንም እናት ነፍሰ ጡር ሆና ቆጥ ላይ እንድትተኛ አልተደረገችም።

የአገሩ ሕግ እንኳ የነፍሰ ጡርን ሌሊት አስቦበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ ከወሊድ በፊት የ30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድም ይሰጣል። እርግጥ እኛ ሠልጣኞች እንጂ ሠራተኞች ስላልሆንን አዋጁ በቀጥታ አይደርሰንም። ነገር ግን ፋብሪካ ውስጥ ሌሊትዋ የተከበረላት ሴት ማሠልጠኛ ውስጥ መሰላል የምትወጣበት ምክንያት አልታየኝም።

ስለዚህ ለተማሪዎች አገልግሎት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በየክፍሉ ከበሩ አጠገብ ያለው አንድ የታችኛ አልጋ ከዕጣው ውጭ ይሁን። የምትፈልገው ትያዘው፤ ነፍሰ ጡር ትሁን፣ እግርዋን የታመመች ትሁን፣ ምክንያትዋን ለክፍልዋ ልጆች ብቻ ብትናገር ይበቃል፣ ወረቀት አይጠየቅ። ከግምጃ ቤት አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሰጣት። የጎደሉት የመሰላል መርገጫዎች በእጅ ሥራ ክፍል ይበየዱ፤ ይህ እንኳ ለሁላችንም ነው። ለመምህሮቻችን ደግሞ፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋችውን ከመጠየቅዎ በፊት ከክፍሉ በኋላ ለብቻዋ ይጥሯት። ወጣ ብላ ለመመለስ ስትነሣም አያስቁሟት።

የዘንድሮው የአልጋ ድልድል ሰኞ ይለጠፋል ተብሏል። እኔ አሁንም የደረሰኝ የታችኛው ነው። በሴቶች ሕንፃ የላይኛው አልጋ የከበዳት እህት ካለች ምክንያቱን ሳትነግረኝ ትምጣ፤ ፍራሼን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ። ቅዳሜ ቁጥጥር ሲመጣ ግን ዘንድሮ አንመለስም።

ከሴት ዕጩ መምህራን አንዷ