እናቴ የምትችለው መንገድ

እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቷ አስመራ አለች። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን «የአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መንገድ እኮ ነው፤ እንዴት ያቅተናል?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

እውነቷን ነው። አዲስ አበባና አስመራን በአየር የሚለያቸው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ወሎንና ትግራይን ተሻግሮ ያርፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአስመራ በኩል ነበር። ዛሬ ተገላቢጦሽ ሆኖ አስመራ ለመግባት ካይሮ መዞር መጥቷል። 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ተሂዶ 1,800 ያህል ቁልቁል መመለስ፣ ስድስት እጥፍ መንገድ! በመካከሉ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ አውሮፕላን መጠበቅ አለ። የእናቴ ጉልበት ይህን አይችልም።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ሰበብ በረራው 20 ዓመት ሲቋረጥ የሆነውን አልረሳም። አያቴ አስመራ ስታርፍ መርዶው የደረሰን ስዊድን በሚኖር ዘመድ ስልክ ነው፤ ያውም አርባዋ ካለፈ በኋላ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 በረራው ሲከፈት እናቴ በርበሬና ሽሮዋን ቋጥራ በዚያው ክረምት ተነሣች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ቁርሳችንን አዲስ አበባ ቀምሰን ምሳችንን አክስቴ ቤት በላን። እህትማማቾቹ ደጃፍ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ አለቀሰ።

በነሐሴ 2016 መጨረሻ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። በአንዱ ወገን የሻንጣ ቅሬታ፣ በሌላው የታገደ የባንክ ሒሳብ ሲነሣ ሰምተናል። ቀላል ጉዳይ ነው አልልም፤ የመንግሥታቱም ቅራኔ ከዚህ እንደሚሰፋ አውቃለሁ። ነገር ግን የሻንጣና የገንዘብ ጉዳይ የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች ተቀምጠው ሊጨርሱት የሚችሉት ነው። የድንበሩና የፖለቲካው ክርክር ደግሞ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ እህትማማቾች ግን ያን ያህል ዓመት የላቸውም።

ስለዚህ ለሁለቱም መንግሥታት የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰማዩን ከጸባችሁ ለዩት። በሳምንት አንዲት በረራ እንኳ ትኑር፤ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማን፣ ለቅሶ ለሚደርስ። የቀረው ድርድር በጊዜው ይቀጥል።

እናቴ ለእህቷ ያሠራችው ጋቢ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ካይሮን ዞሮ በሚሄድ ሰው እጅ እንላክላት ብላት እንቢ አለችኝ። «እኔ ነኝ ትከሻዋ ላይ የማደርግላት» አለች።

700 ኪሎ ሜትር ነው። ትድረስበት።