ደጋግሞ መጮህ መግባባት አይደለም

ዛሬ ስለ ዋይፋይ ላወራ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በኦንላይንም መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ የልጆቹ እጅ እንዲፈታ ብለን በላባችን የሙከራ ፈተና እንሰጣለን። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው፣ ኡቡንቱ ጭኜባቸዋለሁ። ኬብል ስላልበቃን ብዙዎቹ የሚሠሩት በዋይፋይ ነው። መጨረሻ ረድፍ፣ ከብረት ቁምሳጥኑ ጀርባ የምትቀመጥ ልጅ ሁሌ "ቲቸር፣ የኔ አይከፍትም" ትለኛለች። እኔም "ሪትራይ ሊሚቱን ከፍ አድርጉት፣ ኔትወርኩ ይጠነክራል" የሚል ቪዲዮ አይቼ ስለነበር በሁሉም ማሽን ላይ ከ7 ወደ 30 አደረግኩት።

በማግስቱ የሷ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ ተንቀራፈፈ። የፈተናው ሰዓት ግን አይጠብቅም። ጥያቄው ሳይከፈትላቸው ሰዓት ያለቀባቸው ልጆች ነበሩ። "ኔትወርክ ነው" ብዬ አለፍኩት። ኔትወርክ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? በዋይፋይ ለአንድ ማሽን የተላከች ፍሬም "ደርሳኛለች" የሚል ምላሽ ትጠብቃለች። ምላሹ ካልመጣ እንደገና ትላካለች። ስንት ጊዜ? ሪትራይ ሊሚት የሚወስነው ይሄንን ነው። የስታንዳርዱ መነሻ ለአጫጭር ፍሬሞች 7፣ ለረጃጅሞቹ 4 ነው። ሙከራው ሲያልቅ ፍሬሟ ትጣላለች።

"ዳታ ከሚጠፋ ቢደጋገም አይሻልም?" የሚል አለ። እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ግን ፍሬሟ ተጣለች ማለት ጠፍታ ትቀራለች ማለት አይደለም። ድረ ገጽ ሲከፈት ከላይ ያለው ቲሲፒ አለመድረሷን አውቆ ራሱ መልሶ ይልካል፣ አላላኩንም ረገብ ያደርጋል።

ዋናው ነገር አየሩ የጋራ መሆኑ ነው። በአንድ ቻናል ላይ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ይላል። ሲግናሉ የደከመ ማሽን ደግሞ አልደርስ ሲለው ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው የሚደግመው። 1500 ባይት በ54 ሜጋቢት ሲላክ አየሩን የሚይዘው 0.22 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በ1 ሜጋቢት ግን 12 ሚሊሰከንድ! 30 ጊዜ ሲደጋገም 360 ሚሊሰከንድ፣ ያውም ለአንዲት ፍሬም። እርግጥ በመሃል ሌሎቹም ተራ ያገኛሉ፤ ያ ጊዜ ግን የተቆረጠው ከሁሉም ላይ ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ብዙ ሰው በሚጋራው ክፍል ውስጥ ይህን ቁጥር አትጨምሩ። ሁለት ሕንፃ ብቻ የሚያገናኝ የሩቅ መስመር ከሆነ ትንሽ መጨመር ሊያስኬድ ይችላል። የድምፅ ጥሪ ከሆነ ደግሞ መቀነሱ ይሻላል፤ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ለምንም አይጠቅምም። አንዳንድ ድራይቨር ጭራሽ ቁጥሩን ይቀበላችሁና አይጠቀምበትም፤ የድግግሞሹን ብዛት በራሱ ይወስናል። እናንተ "አስተካከልኩ" ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

ከመንካታችሁ በፊት ለኩ። ሊኑክስ ላይ አይደብልዩ የምትባለው ትእዛዝ ስንት ፍሬም እንደተደገመ፣ ስንቱ እንደከሸፈ ታሳያችኋለች። ድግግሞሹ ከበዛ ምክንያቱን ፈልጉ፦ ራውተሩ የት ነው? በ2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ ቻናሉ 1፣ 6 ወይስ 11? ጎረቤት ማን አለ? ያለዚያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የኛ መፍትሔ ምን ነበር? ቁምሳጥኑን ማንሳት፣ ራውተሩን ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ለመጨረሻው ረድፍ ኬብል መዘርጋት። ቁጥሩን ወደ 7 መለስኩት። ልጆቹንም ይቅርታ ጠይቄ ፈተናውን እንደገና ሰጠኋቸው።

ያቺ ልጅ ለሳምንታት "አይከፍትም" ስትለኝ ከወንበሬ ተነስቼ ጀርባዋ ያለውን ብረት አላየሁም። ማሽኗ ይበልጥ እንዲጮህ አደረግኩት እንጂ።

በአይቲ ሙያ የተሠማራችሁ ልጆቼ፣ ከእናንተስ ማን ነው እንዲህ የተሳሳተ? እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።