ዲሞርፎስን መምታታቸው ልክ ነበር

በዚህ ዕትም የአስተያየት ገፁ ለኔ ደርሶኛል። የምጽፈው በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ሦስት ቀን ተከራክረን ስላልጨረስነው ነገር ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ሰዎች ምንም ያላደረጋቸውን የሰማይ ድንጋይ ሆን ብለው በመንኮራኩር መምታታቸው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ከክፍላችን ብዙዎቹ «ምን አደረጋቸው? ዝም ብሎ የሚዞር ድንጋይ አይደል እንዴ!» ይላሉ። እኔ ግን ልክ ነበር ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ድንጋዩን ላስተዋውቃችሁ። ድንጋዩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ትልቁ ዲዲሞስ ይባላል፤ በግሪክ ቋንቋ መንታ ማለት ነው። ከሐዋርያት አንዱ ቶማስ በዮሐንስ ወንጌል ዲዲሞስ ተብሎ ተጠርቷል፣ ያው ቃል ነው። ትንሹ ደግሞ ዲሞርፎስ ነው፤ ሁለት መልክ ያለው ማለት ነው። ይሄ ስም የወጣለት ሊመታ ከታቀደ በኋላ ነው። ከመመታቱ በፊት አንድ መልክ፣ ከተመታ በኋላ ሌላ መልክ ይኖረዋል ብለው ነው። ዲዲሞስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ አገር አሪዞና ውስጥ ካለ ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ ለሰባት ዓመት ያህል ብቸኛ ይመስላቸው ነበር። መንታ መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው።

ሁለቱም አስትሮይዶች ናቸው። አስትሮይድ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብረት የሚበዛበት አለ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ አለ፣ ድንጋያማም አለ። የኛዎቹ ድንጋያማ ናቸው። ታዲያ ድንጋያማ ሲባል እንደ አንድ ትልቅ አለት እንዳታስቡት። ዲሞርፎስን በቅርብ ያነሱት ፎቶ ላይ የሚታየው ግንበኞች ገልብጠው የሄዱት የድንጋይ ክምር ነው የሚመስለው። ትልቅ ድንጋይ፣ ትንሽ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አቧራ፣ ሁሉም እርስ በርሱ በደካማ የስበት ኃይል ተያይዞ። የስበቱን ድካም ለማወቅ፣ ዲሞርፎስ ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ ብትዘሉ ተመልሳችሁ አትወርዱም። በዚያው ትሄዳላችሁ።

መጠናቸውን በሜዳችን ላይ እናስበው። ዲዲሞስ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። የእግር ኳሳችንን መሬት ላይ አስቀምጡና ዲዲሞስ በሉት። ዲሞርፎስ 150 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ትንሽ ሎሚ ይሆናል። ከኳሱ መሐል እስከ ሎሚው መሐል 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ለኩ፤ በእውነተኛው ልክ 1.2 ኪሎ ሜትር ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። በዚህ ስሌት መሬት ራሷ ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያላት ኳስ ትሆናለች። እሷን የሚያስቀምጥ ሜዳ ስለሌለን እንተዋት። ለማነፃፀር ያህል፣ አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንፃ ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ ዲሞርፎስ አጠገቡ ቢቀመጥ ሕንፃው ይበልጠዋል።

ዲዲሞስ በራሱ ዙሪያ አንዴ ለመሽከርከር 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይበቃዋል። የኛ ሦስት ክፍለ ጊዜ ከእረፍት ጋር ማለት ነው፤ ቀኑም ሌሊቱም በዚያች ውስጥ ያልቃል! ይህን ያህል ስለሚሽከረከር ወገቡ ላይ ያሉ ድንጋዮች ሊወረወሩ ምንም አልቀራቸውም። ሳይንቲስቶች ዲሞርፎስ የተሠራውም ከዲዲሞስ ተወርውረው ከወጡ ድንጋዮች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

አሁን ወደ ምህዋራቸው። አስትሮይዶች በሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ በማርስና በጁፒተር መካከል እንደ ቀበቶ ተደርድረው ነው የሚታዩት። ሥዕሉ ውሸት አይደለም፣ ግን ሁሉም እዚያ ታስረው የሚኖሩ ይመስላል። ዲዲሞስና ዲሞርፎስ እንደዚያ አይደሉም። ለፀሐይ ሲቀርቡ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳሉ፤ ይሄ ማለት መሬት ከምትዞርበት መስመር ጠርዝ አጠገብ ነው። ሲርቁ ደግሞ የማርስን መስመር አልፈው 340 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ይሄዳሉ። አንድ ዙር 770 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል፤ የነሱ አንድ ዓመት የኛ ሁለት ዓመት ከአርባ ቀን ነው። እንዲህ እየተመላለሱም ቢሆን፣ ለሚቀጥሉት መቶ ዓመታት መሬትን የመምታት ዕድል እንደሌላቸው ተሰልቷል።

ጓደኞቼ «አየህ! አደገኛ ካልሆነ ለምን መቱት?» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የተመረጠው አደገኛ ስላልሆነ ነው እላለሁ። የእሳት ማጥፊያ የሚሠራ መሆኑን የሚሞክር ሰው ቤቱ እስኪቃጠል ይጠብቃል እንዴ?

የመታው መንኮራኩር ዳርት ይባላል፤ የአሜሪካው ናሳ ነው የላከው። ቀኑን ልብ በሉ፦ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ። የደመራ ሌሊት ነበር! እኛ ደመራ ለኩሰን፣ ጨፍረን ከተኛን በኋላ፣ መስቀል ሳይነጋ ማለት ነው። ዳርት ክብደቱ 570 ኪሎ ያህል ሲሆን በሰከንድ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር። በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ አዳማ 16 ሰከንድ ገደማ ነው። ሾፌር የለውም፤ መጨረሻ ላይ ራሱ በካሜራው እያየ ነው የሄደበት።

ዋናው ነጥቤ አሁን ነው የሚመጣው። ዲሞርፎስ ብቻውን ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይቀር ነበር። ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ በየሰከንዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ዳርት የሚለውጠው ግን ሚሊ ሜትሮችን ነው። ይህን ከዚህ ሆኖ ማን ያየዋል? ዲሞርፎስ ግን መንታ አለው። ዲዲሞስን የሚዞረው በሰከንድ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየተጎተተ ነው። ማስመሪያችሁን አውጡ፤ በሰከንድ ግማሿን ትንሽ ያልፋል። እኛ ስንራመድ ጥለነው እንሄዳለን። እንዲህ ቀስ ካለው ላይ 2.7 ሚሊ ሜትር በሰከንድ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ ሁለቱ አብረው ሲዞሩ እንደ ሰዓት ያገለግላሉ። በቴሌስኮፕ የሚታዩት እንደ አንዲት ነጥብ ብርሃን ቢሆንም፣ አንዱ በሌላው ፊት ሲያልፍ ብርሃኗ ትንሽ ይደክማል። ብርሃኑ የሚደክምበትን ሰዓት መመዝገብ ነው፣ ሌላ የለውም። ከመመታቱ በፊት አንድ ዙር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ከተመታ በኋላ 33 ደቂቃ ያህል አጠረ። ናሳ ሥራው ተሳክቷል ለማለት 73 ሰከንድ ለውጥ ይበቃኛል ብሎ ነበር፤ ያገኘው አንድ ክፍለ ጊዜ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው።

እዚህ ላይ አንዱ ጓደኛዬ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ፍጥነቱን ከቀነሱት ዙሩ መርዘም ነበረበት፣ እንዴት አጠረ?» እውነቱን ነው፣ ሩጫ ላይ ቀስ ያለ ይዘገያል። ምህዋር ላይ ግን እንዲህ ነው፦ ዳርት የመታው ከፊት ለፊት ስለነበረ ዲሞርፎስ ትንሽ ዘገየ፤ ሲዘገይ ወደ ዲዲሞስ ተጠጋ፤ ሲጠጋ የሚዞረው መንገድ አጠረ፣ የዲዲሞስም ስበት በረታበት። ስለዚህ ዙሩን ቶሎ ይጨርሳል። ለውጡ ይህን ያህል የበዛውም ድንጋዩ ክምር በመሆኑ ነው። ሲመታ ከ1,000 ቶን በላይ አቧራና ድንጋይ ወደ ኋላ ፈነጠቀ፤ ፊኛ አየሩ ሲለቀቅ ወደ ፊት እንደሚስፈነጠረው፣ ያ ፍንጣሪ ዲሞርፎስን ተጨማሪ ገፋው። አቧራው እንደ ጅራት ተዘርግቶ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ታይቷል።

«ቢሳሳቱና ወደ እኛ ቢልኩትስ?» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። ያን ሌሊት ከኛ 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር፣ የጨረቃን ርቀት 28 ጊዜ። ደግሞም ዲሞርፎስ በዲዲሞስ ስበት የተያዘ ነው፤ ቢመታም ዙሩ ይጠባል እንጂ ጥሎት አይሄድም።

ከበድ ያለው ጥያቄ የገንዘቡ ነው። ዳርት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። «በዚህ ብር ስንት ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር» ያለችኝን ልጅ አልስቅባትም፤ የኛንም ጣሪያ አውቀዋለሁ። ግን ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ በተባለች ከተማ የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 አንድ ጠዋት 20 ሜትር ገደማ የሆነ ድንጋይ ከተማዋ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ማንም አስቀድሞ አላየውም። ከ1,000 በላይ ሰው ቆሰለ፣ ብዙዎቹ በመስታወት። ሰው ብርሃኑን አይቶ ምንድነው ብሎ ወደ መስኮት ሲሄድ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰና መስታወቱን ሰባበረው። አንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት ግን 44 ተማሪዎቿን ዴስክ ሥር አስገባቻቸው፤ እሷ ስትቆረጥ ልጆቹ ምንም አልሆኑም። ይሄ በ20 ሜትር ድንጋይ ነው። ዲሞርፎስን የሚያክል ቢሆንስ? ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ከዓመታት በፊት ቀኑን አይናገሩም። አስትሮይድ ግን ምህዋሩ ከታወቀ ይሰላል፤ ቀድሞ ከታወቀ ደግሞ በትንሹ ገፋ ማድረግ እንደሚቻል አሁን ተሞክሮ ታይቷል። ለኔ ብሩ የከፈለው ይህን ለማወቅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ክበብ፣ ቅር እንዳትሰኙ። ባለፈው በሰልፍ ሰዓት «ግዙፍ ድንጋይ ወደ መሬት እየመጣ ነው» የሚል ዜና በማይክ ተነበበ። ርቀቱ አልተነገረም፣ መጠኑ አልተነገረም፣ ቀኑ አልተነገረም። 1ኛ ክፍል ያለው ታናሽ ወንድሜ ያን ማታ ብቻዬን አልተኛም ብሎ እማዬ ጋ ተኛ። «ለእኛ ነው የሚመጣው?» እያለ ሁለት ቀን ጠየቀኝ። በስልክ የሚዞረው ወሬም እንደዚያው ነው፣ ግዙፍ ይላል፣ ቁጥር የለውም።

ስለዚህ ለክበባችን አስተባባሪ መምህርና ለዜና አንባቢዎቹ ጥያቄ አለኝ። ስለ አስትሮይድ ዜና ሲመጣ ሦስት ነገር ሳይሞላ በማይክ አይነበብ፦ ስፋቱ ስንት ሜትር ነው? ሲያልፍ ከኛ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? በየትኛው ቀን? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱ ለሳይንስ መምህራችን ይመለስ። ለመለማመጃ የሚሆን ዜናም አለ። ሄራ የምትባል የአውሮፓ መንኮራኩር መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተነስታ ወደ ዲዲሞስና ዲሞርፎስ እየሄደች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2026 መጨረሻ እንድትደርስ ታቅዷል። ዳርት ጉድጓድ ቆፍሮ ይሁን የድንጋዩን መልክ በሙሉ ለውጦት፣ በቅርብ ሆና ታያለች። ያን ዜና ማን እንደሚያነበው ከአሁኑ ዕጣ እናውጣ። ኳሱን እኔ አመጣለሁ፣ ሎሚውን ከእናንተ።