የሸክላዋ ሴትና «የሰማይ ንግሥት»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰሞኑን ከግቢ ጉባኤያችን አንድ ታናሽ ወንድም በስልኩ የደረሰውን ሥዕል አሳየኝ። ከወገቧ በታች እንደ ዓምድ ድፍን የሆነች፣ በሁለት እጆቿ ጡቶቿን የደገፈች ጥንታዊት የሸክላ ሴት ናት። ከሥሯ «ማርያማችሁ ይህች ናት፤ ኤርምያስ 44ን አንብቡ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ሁለት እሑድ ከመዝሙር ቀርቶ ነበር፤ ምክንያቱን የነገረኝ አንገቱን ደፍቶ ነው።

አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከእኛ መካከል «ሥዕሉ ሐሰት ነው» ብለው የመለሱለት ነበሩ። ሐሰት አይደለም። እንዲህ ያሉ ምስሎች ከኢየሩሳሌምና ከመላው ይሁዳ ከ800 በላይ ተቆፍረው ወጥተዋል፤ ዘመናቸውም ከ8ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ቁመታቸው ከስንዝር አያልፍም። በኖራ ተለቅልቀው ቀይና ቢጫ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ የሚገኙትም አብዛኛውን ጊዜ ተሰባብረው፣ በመኖሪያ ቤቶችና በጥራጊ መካከል ነው። ነቢያት የሕዝባቸውን ጣዖት አምላኪነት ሳይሸሽጉ ጽፈውት ሳለ እኛ ከሸክላ ስባሪ የምንሸሸው ስለ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ከሳሻችን እንመለስ። ማንነቷን የሚናገር ጽሑፍ በምስሎቹ ላይ የለም። ከተመራማሪዎች አንዳንዶቹ አሼራ ናት ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቤተሰብን ከክፉ ለመጠበቅ የተሠራች ምስል ናት ይላሉ። እነርሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚከራከሩበትን በአንድ መስመር መቁረጥ ድፍረት ነው።

ኤርምያስ የገሠጸውም (7፥18፤ 44፥17) ለባዕድ አምላክ እንጎቻ መጋገርን፣ ማጠንንና የመጠጥ ቍርባን ማፍሰስን ነው። ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን መሥዋዕት ሠውታ አታውቅም። በስሟ በተሰየመው ቅዳሴ እንኳ የሚሠዋው የልጇ ሥጋና ደም ነው። «ዕጣኑስ?» ለሚል፣ ካህኑ ጸሎተ ዕጣኑን ወደ ማን እንደሚያደርስ ጆሮ ሰጥቶ ይስማ።

«ንግሥት» የሚለው ስም ራሱ ነውር ነው እንዳይባል ደግሞ የይሁዳን ቤተ መንግሥት እንመልከት። ሰሎሞን እናቱን በቀኙ በወንበር አስቀምጧታል (1ኛ ነገ. 2፥19)። ንጉሡ አሳ መዓካን ጣዖት ስላሠራች ከእቴጌነቷ ሻራት፤ ምስሉንም ሰብሮ በቄድሮን አቃጠለው (1ኛ ነገ. 15፥13)። ጣዖቱን ሰበረ እንጂ የእቴጌነትን ወንበር አልሰበረም። ከብዙ ዘመን በኋላም ያው ኤርምያስ የንጉሡን የኢኮንያንን እናት በዚያው ማዕረግ ይጠራታል (29፥2)።

ምዕራፍ 44ን እንድናነብ የመከረን ወንድም ምዕራፍ 29ን የዘለለው ለምን ይሆን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።